ብቻን የማይጨረስ ጨዋታ፦ የፖኬሞን አሠራርና የልውውጥ ሕግ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬው ንግግሬ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ ፈገግ ያላችሁ እንደምትኖሩ እገምታለሁ። የልጆች መጫወቻ በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ውስጥ ምን ይሠራል? ጥያቄው ተገቢ ነውና አስቀድሜ ልመልሰው። ጨዋታ የሕግ ሥርዓት ነው። ማን ምን ማድረግ እንደሚችል፣ ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያጣ የሚደነግግ አለ፤ ሌሎች ደግሞ ወድደው በዚያ ድንጋጌ ሥር ይገባሉ። ስለዚህ አንድ ሕግ የሰዎችን ግንኙነት እንዴት እንደሚቀርጽ መመልከት ለሚሻ ሰው ጨዋታ ድንበሩ የታወቀና በግልጽ የሚታይ ምሳሌ ይሆንለታል።

የመረጥሁት ምሳሌ በጃፓን አገር የካቲት 27 ቀን 1996 ለሽያጭ የቀረበው፣ በእጅ በሚያዝ መሣሪያ የሚሠራው የፖኬሞን ጨዋታ ነው። (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የማቀርበውም ሐሳብ አንድ ነው። የዚህ ጨዋታ ትልቁ ፈጠራ ሆን ተብሎ ጎዶሎ ሆኖ መሠራቱና ጉድለቱ በሌላ ሰው እጅ ካልሆነ በቀር የማይሞላ መሆኑ ነው። ይህ ውሳኔ ከየት እንደመጣ፣ በአንዲት ደካማ መሣሪያ ላይ እንዴት እንደተፈጸመ፣ ምን እንዳስገኘና ማንን እንደጎዳ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ስለ ስሙና ስለ ጨዋታው

«ፖኬሞን» የሚለው ስም «ፖኬት ሞንስተርስ» ከሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት አጥሮ የመጣ ነው፤ ቃል በቃል ሲፈታ «የኪስ ጭራቆች» ማለት ነው። ነገር ግን በእኛ ተረት ጭራቅ ሰው የሚበላ ነው፤ ልጅ ከእርሱ ይሸሻል እንጂ አያላምደውም። በዚህ ጨዋታ ያሉት ግን በሣር ውስጥ፣ በዋሻና በውሃ ላይ የሚገኙ፣ ተይዘው የሚገሩ እንስሳት መሰል ናቸው። ስለዚህ ከአሁን በኋላ «ፍጡራን» እያልሁ እጠራቸዋለሁ።

ተጫዋቹ ከአንዲት ትንሽ መንደር የሚነሣ ልጅ ነው። ኦክ የተባለ ፕሮፌሰር ከሦስት ፍጡራን አንዱን እንዲመርጥ ይፈቅድለታል፤ አንደኛው የእሳት፣ ሁለተኛው የውሃ፣ ሦስተኛው የዕፀዋት ወገን ነው። ልጁ መንገዱን ሲቀጥል የዱር ፍጡራን ያጋጥሙታል፤ ኃይላቸውን አድክሞ በኳስ ይይዛቸዋል፤ በአንድ ጊዜም እስከ 6 ድረስ ይዞ ይጓዛል። የተሸነፈ ፍጡር አይሞትም፤ ራሱን ስቶ ይወድቅና ኋላ ይታከማል።

በጨዋታው ውስጥ ሁለት ግቦች አሉ። የመጀመሪያው 8 የየከተማውን አለቆች አሸንፎ ሻምፒዮን መሆን ነው። ሁለተኛው ፕሮፌሰሩ የሰጠውን መዝገብ መሙላት፣ ማለትም የአገሩን ፍጡራን በሙሉ አግኝቶ ማስመዝገብ ነው። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ግብ የጦረኛ ሲሆን ሁለተኛው የተመራማሪ ግብ ነው። የጦረኛውን ግብ አንድ ልጅ ብቻውን ሊደርስበት ይችላል። የተመራማሪውን ግን አይችልም።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

የጨዋታው አባት ሳቶሺ ታጂሪ በ1965 ተወለደ፤ ያደገውም በቶኪዮ ምዕራባዊ ዳር በምትገኘው በማቺዳ ነው። በልጅነቱ ኩሬና እርሻ፣ ጫካም በነበረበት በዚያ አካባቢ ነፍሳትን እየፈለገ ይሰበስብ ነበር። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ እነዚያ ስፍራዎች በሕንፃና በመንገድ ተተኩ። ታጂሪ በኋላ በሰጣቸው ቃለ ምልልሶች ጨዋታውን የሠራው የከተማ ልጆች ያጡትን ያንን የፍለጋ ደስታ መልሶ ለመስጠት እንደሆነ ተናግሯል።

የነፍሳቱ ነገር በጨዋታው ውስጥ በግልጽ ይታያል። ካተርፒ የሚባል አባጨጓሬ አለ፤ ደረጃው 7 ሲደርስ ራሱን በቅርፊት የሸፈነ ሙሽሬ ይሆናል፤ 10 ሲደርስ ደግሞ ቢራቢሮ ሆኖ ይወጣል። ጨዋታው ይህን ለውጥ በዝግመተ ለውጥ ስም ይጠራዋል፤ ነገር ግን በአንድ ፍጡር ዕድሜ ውስጥ የሚፈጸም ስለሆነ ለሥነ ሕይወት ተማሪ የነፍሳት የዕድገት ለውጥ ነው።

ታጂሪ ወደ ሙያው የገባው በጽሑፍ በኩል ነበር። በ1983 «ጌም ፍሪክ» የተባለች ስለ ቪዲዮ ጨዋታዎች የምትጽፍ መጽሔት በእጁ እየጻፈ ያሰራጭ ጀመር፤ ኬን ሱጊሞሪም በሠዓሊነት ተቀላቀለው። በ1989 መጽሔቷ በዚያው ስም የጨዋታ ሠሪ ኩባንያ ሆነች። በዚያው ዓመት ኒንቴንዶ ጌም ቦይ የተባለውን በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አወጣ። መሣሪያው ከሌላ መሰሉ ጋር የሚገናኝበት ገመድ ነበረው፤ በዚያን ጊዜ ገመዱ በዋናነት ሁለት ሰዎች እንዲወዳደሩ ያገለግል ነበር። ታጂሪ ግን ገመዱን ሲያይ በውስጡ ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው የሚሄድ ነፍሳት በሐሳቡ ታየው። ጨዋታውን ሠርቶ ለመጨረስ ስድስት ዓመት ያህል ፈጀ፤ መነሻው ግን ይህች አንዲት ምስል ነበረች።

የመሣሪያው ድህነት

የምህንድስና ተማሪዎች እዚህ ላይ ጆሮ እንድትሰጡኝ እለምናለሁ። ጌም ቦይ በተወለደበት ዘመን እንኳ ኃያል መሣሪያ አልነበረም። መስኮቱ በአግድም 160፣ በቁመት 144 ነጥቦች ብቻ ነበሩት፤ የሚያሳየውም 4 የግራጫ ደረጃዎችን ነው። የሥራ ማህደረ ትውስታው 8 ኪሎባይት ነበር። ንድፉን የመሩት ጉንፔ ዮኮይ የሚታወቁበት መርሕ ዘመኑ ያለፈበትን፣ ርካሽና አሠራሩ በሚገባ የታወቀ ቴክኖሎጂ ለአዲስ ጥቅም ማዋል ነበር። መሣሪያው ርካሽ፣ ጠንካራና ባትሪ ቆጣቢ በመሆኑ በልጆች እጅ በብዛት ገባ። ፖኬሞን በወጣበት በ1996 ዕድሜው 7 ዓመት ነበር፤ በዚያው ዓመት ኒንቴንዶ ራሱ ኒንቴንዶ 64 የተባለውን ባለ ሦስት ገጽታ ምስል መሣሪያ በጃፓን አወጣ።

በዚህ ድህነት ውስጥ አንድ ፍጡር ምን ያህል ይመዝናል? በቡድኑ ውስጥ ያለ ፍጡር፣ ስሞቹን ሳይጨምር፣ 44 ባይት ነው። በእነዚህ 44 ባይቶች ውስጥ ዝርያው፣ ደረጃው፣ የሚያውቃቸው 4 ስልቶች፣ ያካበተው ልምድና የመጀመሪያ ባለቤቱ መለያ ቁጥር ተጽፈዋል። በተጨማሪም ከጥንካሬው፣ ከመከላከሉ፣ ከፍጥነቱና ከልዩ ችሎታው ጋር የተያያዙ፣ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 15 የሆኑ አራት የትውልድ ቁጥሮች አሉት። ከዚህ የተነሣ አንድ ዝርያና አንድ ደረጃ ያላቸው ሁለት ፍጡራን እንኳ አብዛኛውን ጊዜ እኩል አይሆኑም። የጤናው የትውልድ ቁጥር ለብቻው አልተጻፈም፤ ከአራቱ ቁጥሮች የመጨረሻ ቢቶች ተገጣጥሞ ይሰላል። ቦታ ሲጠብብ አንዱ ቁጥር የሌላውን ሥራ ደርቦ ይሠራል።

ቁጠባ ግን ስሕተትንም ይወልዳል። 100 በመቶ ይመታል የተባለ ስልት በመሣሪያው ውስጥ 255 ተብሎ ተጽፏል፤ በአንድ ባይት የሚያዘው ትልቁ ቁጥር ይህ ነውና። ፕሮግራሙ ከ0 እስከ 255 አንድ ዕጣ ያወጣል፤ ዕጣው ከ255 ካነሰ ምቱ ይሳካል። ዕጣው ራሱ 255 ሲሆንስ? ምቱ ይስታል። ስለዚህ «አይስትም» የተባለው ስልት ከ256 ጊዜ አንዴ ይስታል። «ያንሳል» እና «ያንሳል ወይም ይተካከላል» በሚሉ ሁለት ንጽጽሮች መካከል ያለውን ልዩነት ለጀማሪ የፕሮግራም ተማሪ ለማስተማር ይህን ምሳሌ እወደዋለሁ።

ጉድለት እንደ ሕግ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጨዋታው በጃፓን የወጣው በአንድ ጊዜ በሁለት ዓይነት ነው፤ ቀይና አረንጓዴ። (ወደ ሰሜን አሜሪካ በመስከረም 1998 ሲደርስ ቀይና ሰማያዊ ሆነ።) ሁለቱን ዓይነቶች የማውጣቱ ሐሳብ በኒንቴንዶው ሺጌሩ ሚያሞቶ ምክር እንደመጣ ይነገራል። ታሪኩ፣ ካርታውና ሕጉ በሁለቱም አንድ ነው። ነገር ግን በአንዱ የሚገኙ አንዳንድ ፍጡራን በሌላው ፈጽሞ አይገኙም። ለምሳሌ በቀዩ ውስጥ ክንዶቹ እንደ ማጭድ የሆኑት ስካይተር ይያዛል፤ ቀንዳም ጥንዚዛ የሚመስለው ፒንሰር ግን የለም። በሌላው ዓይነት ደግሞ ፒንሰር አለ፤ ስካይተር የለም።

ሁለተኛው የጉድለት መንገድ ምርጫ ነው። ከሦስቱ የመጀመሪያ ፍጡራን አንዱን የወሰደ ልጅ ሁለቱን በዚያው ጨዋታ ዳግመኛ አያገኛቸውም። ሦስተኛው መንገድ ከሁሉ ይረቅቃል። ካዳብራ፣ ማቾክ፣ ግራቬለርና ሆንተር የተባሉ አራት ፍጡራን የመጨረሻ መልካቸውን የሚይዙት ለሌላ ተጫዋች በልውውጥ ሲሰጡ ብቻ ነው። ባለቤቱ ምንም ያህል ቢደክምባቸው በእርሱ እጅ ሳሉ ከዚያ በላይ አያድጉም። የልፋቱን ፍሬ ለማየት አሳልፎ መስጠት አለበት፤ ከዚያም የተቀበለው ሰው መልሶ እንዲሰጠው ማመን።

ከሌላ እጅ የመጣ ፍጡርም የራሱ ሕግ አለው። ከፍልሚያ የሚያገኘው ልምድ በአንድ ተኩል እጥፍ ስለሚታሰብለት በፍጥነት ያድጋል። ሆኖም ደረጃው ከፍ ያለ ሆኖ አዲሱ ባለቤት የሚመጥነውን የአለቆች ዓርማ ገና ካላገኘ፣ ትእዛዙን ሳይሰማ የፈለገውን ያደርጋል ወይም ይተኛል። ስለዚህ ታላቅ ወንድሙ ኃይለኛ ፍጡር የሰጠው ልጅ በስጦታው ብቻ ጨዋታውን ማሸነፍ አይችልም። ስጦታ ይረዳል፤ የራስን ድካም ግን አይተካም።

ነፍሳት ወይስ መረጃ?

እዚህ ላይ የንግግሬን እምብርት የሆነውን ጥያቄ አነሣለሁ። አንድ ልጅ ጥንዚዛውን ለጓደኛው ቢሰጥ እርሱ ጥንዚዛ የለውም። ይህ የቁስ ጠባይ ነው። በገመድ የሚሄድ መረጃ ግን እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም። መረጃን መላክ ማለት መቅዳት ነው፤ ላኪው ከላከ በኋላም መረጃው ከእርሱ ዘንድ ይኖራል። ለማሽኑ ከሁሉ የሚቀልለው 44ቱን ባይቶች ገልብጦ ለሁለቱም ልጆች መተው ነበር። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ማንም ምንም አያጣም፤ ሁሉም ሁሉን ይኖረዋል።

ሠሪዎቹ ይህን አልመረጡም። ፍጡሩ በተቀባዩ ዘንድ ሲጻፍ ከሰጪው ዘንድ እንዲሰረዝ ደነገጉ። ማጣትን በሰው ሠራሽ ሕግ ፈጠሩ ማለት ነው። ይህ ድንጋጌ በተፈጥሮ ሕግ ያልተደገፈ መሆኑን ልጆች ራሳቸው ደርሰውበታል፤ በልውውጡ መካከል በትክክለኛዋ ቅጽበት መሣሪያውን ያጠፋ ሰው አንዱን ፍጡር በሁለቱም ዘንድ ሊያስቀር ይችላልና። ቅጂው የመረጃው እውነተኛ ጠባይ ነበር፤ ማጣቱ ግን የተደነገገ ነበር።

ለምን ተደነገገ? የማያጡትን ነገር መስጠት ከስጦታነት ይልቅ ማሠራጨት ስለሚሆን ነው። ልጁ ስካይተርን ለፒንሰር ሲለውጥ ያመዛዝናል፣ ይደራደራል፣ ያምናል፣ አንዳንዴም ይጸጸታል። እነዚህ ሁሉ የሚነሡት መመለሻው በራሱ እጅ ስላልሆነ ነው። ዛሬ ስለ ዲጂታል ንብረት፣ ስለ ቅጂ መብትና ስለ መረጃ ዋጋ የሚደረጉ ክርክሮች በሥራቸው ይህንኑ ጥያቄ ይዘዋል፦ በተፈጥሮው የማይጎድልን ነገር በሕግ እንዲጎድል ማድረግ መቼ ተገቢ ነው፣ ለማንስ ጥቅም? የፖኬሞን መልስ «ሁለት ሰዎችን ለማገናኘት» የሚል ነበር። ሌሎች ተቋማት ሌላ መልስ አላቸው፤ መልሱን ከመቀበላችን በፊት ጥያቄውን ማንሣት ግን የእኛ ድርሻ ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች

ይህን ስል የሚነሡ ሁለት ተቃውሞዎችን ማለፍ አልችልም። የመጀመሪያው የንግድ ተቃውሞ ነው። ሁለት ዓይነት ማውጣት ሁለት ጊዜ መሸጥ ነው፤ ገመዱም በገንዘብ ይገዛል። እውነት ነው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የተባሉት እትሞች በዓለም ዙሪያ ከ30 ሚሊዮን በላይ ተሸጠዋል፤ ሁለቱንም የገዙ ሰዎች እንዳሉ አያጠራጥርም። ኒንቴንዶ የበጎ አድራጎት ማኅበር አልነበረም። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፦ አንድ ሕግ ለትርፍ ቢደነገግም ከትርፉ ሌላ ምን እንደሚያደርግ መጠየቅ ይገባል። ሁለት ልጆች አንድ አንድ ገዝተው ቢለዋወጡ ሕጉ ግቡን ይመታል፤ አንድ ሀብታም ልጅ ሁለቱን ገዝቶ፣ ሁለት መሣሪያ ይዞ ከራሱ ጋር ቢለዋወጥ ግን መዝገቡ ይሞላል፣ የሕጉ መንፈስ ግን ይቀራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብደኛል። ሌላ ሰው የግድ እንዲያስፈልግ የሚያደርግ ሕግ፣ ሌላ ሰው የሌለውን ይቀጣል። በሰፈሩ መሣሪያው ያለው ጓደኛ የሌለው ልጅ፣ ዓይን አፋሩ፣ አዲስ መጤው መዝገቡን ሳይሞላ ይቀራል፤ የሚያገኘው ማሽን ደግሞ በየዕለቱ ባዶ ቦታዎቹን ያሳየዋል። የመተባበር ሥርዓት የሚነድፍ ሁሉ፣ በትምህርት ቤት የቡድን ሥራ የሚሰጠውን መምህር ጨምሮ፣ ይህን ልጅ ማሰብ አለበት። ለዚህ ተቃውሞ ሙሉ መልስ የለኝም። ሠሪዎቹ ሻምፒዮን የመሆኑን ግብ ለብቸኛው ተጫዋች ክፍት መተዋቸው ግን ከፊል መልስ ይመስለኛል፤ ታሪኩ የሁሉም ነው፣ በጓደኛ የሚወሰነው መዝገቡ ብቻ ነው።

151ኛው

ስለ ጉድለት ስናነሣ ሚውን መዝለል አይቻልም። ሥራው ሊጠናቀቅ ሲቃረብ ለስሕተት መፈለጊያ ያገለግሉ የነበሩ ፕሮግራሞች ከጨዋታው ወጡ፤ 300 ባይት ያህል ቦታም ተገኘ። ሺጌኪ ሞሪሞቶ የተባለው ፕሮግራመር በዚያች ጠባብ ስፍራ 151ኛውን ፍጡር፣ ሚውን፣ አስገባ። በመደበኛው ጨዋታ ውስጥ የሚያዝበት መንገድ አልነበረም። ወሬው ግን በልጆች መካከል ተናፈሰ። በ1996 የጸደይ ወራት ኮሮኮሮ የተባለው የልጆች መጽሔት ሚው በዕጣ ለ20 አንባቢዎች እንደሚሰጥ ባስታወቀ ጊዜ ማመልከቻው እጅግ በዛ፤ ቀስ ብሎ ይሸጥ የነበረው ጨዋታም ተፈላጊነቱ ጨመረ። ልጆች ጨርሰነዋል ባሉት መዝገብ ላይ ገና ያልታወቀ አንድ ነገር መኖሩ እንደገና ወደ ፍለጋው መለሳቸው። ለእኛ ለተመራማሪዎች ስሜቱ እንግዳ አይመስለኝም።

ማጠቃለያ

በአንድ የመሣሪያ ዝርዝር ልደምድም። የጨዋታው ካርትሪጅ የተጫዋቹን ሂደት የሚያስቀምጠው ኃይል ሲቋረጥ በሚጠፋ ማህደረ ትውስታ ላይ ነው፤ ያን ማህደረ ትውስታ የምታቆየው በውስጡ የተበየደች አንዲት ትንሽ ክብ ባትሪ ናት። ከእነዚያ ባትሪዎች ብዙዎቹ ዛሬ አልቀዋል። ጨዋታው ይከፈታል፣ ፕሮፌሰሩም ሦስቱን ፍጡራን እንደገና ያቀርባል፤ ልጁ በዓመታት የሰበሰበው ግን የለም። ከጠፋው ስብስብ ሊተርፍ የሚችለው ለሌላ ሰው የተሰጠው ብቻ ነው፤ በዚያ ሰው ካርትሪጅ ላይ፣ የመጀመሪያ ባለቤቱን ስምና መለያ ቁጥር እንደያዘ።

ሠሪዎቹ ይህን አስበውበታል አልልም፤ የባትሪ ዕድሜ የወለደው ነገር ነው። ነገር ግን ከደነገጉት ሕግ ጋር ይስማማል። እናንተም ነገ ሥርዓት ትነድፋላችሁ፤ ሶፍትዌር፣ የትምህርት መርሐ ግብር፣ የመሥሪያ ቤት ደንብ። የዚያን ጊዜ ሁሉን ነገር ለእያንዳንዱ ሰው በሙሉ ማቅረብ ብቸኛው የመልካም ንድፍ መለኪያ እንዳልሆነ አስታውሱ። ሰው ወደ ሰው እንዲሄድ የሚያደርግ፣ በጥንቃቄ የተመጠነ ጉድለትም ንድፍ ነው። የሚሄድበት ሰው የሌለውንም አብራችሁ አስቡ።